የማውቀው ሰው ኮምፒውተሬን እየከፈተ ነው፤ ሳልጣላ እንዴት ልዝጋው?

ሂሩት_ሂሳብ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቤት ሆኜ ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ በየወሩ ቫትና የሥራ ግብር አሳውቅላቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሳሎን የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ፕሮ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራምም፣ ኤክሴሉም፣ የደንበኞቼ የኢ-ታክስ መግቢያም እሱ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከደሴ መጥቶ እኛ ጋ ነው ያለው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ። ሲቪውን እንዲጽፍ፣ የሥራ ማስታወቂያ እንዲያይ ብዬ ኮምፒውተሩን ፈቅጄለታለሁ። አሁን አሁን ግን ያልከፈትኩት ፋይል በቅርብ ከተከፈቱት ዝርዝር ውስጥ አገኛለሁ። ቴሌግራም ላይ ያላየሁት መልእክት ተነብቦ ይጠብቀኛል። በቀደም ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ደውሎ «የእኔን ሽያጭ እከሌ በምን አወቀ?» አለኝ። ክው ነው ያልኩት። እከሌ ከአክስቴ ልጅ ጋር ኳስ አብሮ የሚያይ ሰው ነው።

ማስረጃ የለኝም። ልጁ ላይ ጣት መቀሰርም አልፈልግም። ቤቱ ውስጥ ባለቤቴ አለ። ቅዳሜና እሁድ ልጄን የምታስጠና ልጅ ትመጣለች። ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገልን ሰውም ፓስዎርዱን ያውቀዋል፤ እሱ ነው ያወጣው። ማንንም ሳላስቀይም እንዴት ልዝጋው? ማን እንደገባስ ማወቅ ይቻላል?

ማኪ_6ኪሎ

ፓስዎርዱን ቀይሪዋ እህቴ፣ አለቀ። ማንም ቢጠይቅሽ «ለሥራ ነው» በይ። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጋሽ_ተካ

ልጄ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም። የሰው ነገር ግን አውቃለሁ። ከአገር ቤት መጥቶ ሰው ቤት የተቀመጠ ልጅ ሆዱ ስስ ነው። ትናንት ሲጠቀምበት የነበረው ነገር ዛሬ ጠዋት ተቆልፎ ቢያገኘው «ሌባ ተባልኩ» ነው የሚለው። ለእናቱ ይደውላል። እናቱ ለእናትሽ ትደውላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከኮምፒውተር አልፎ የእህትማማቾች ጠብ ይሆናል። መጀመሪያ ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪው።

የካዛንቺስ_ልጅ

ጋሽ ተካ፣ በአክብሮት አልስማማም። «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ክስ ነው። እሱ ባይሆንስ? ሂሩት ራሷ አራት ሰው ቆጥራለች። ልጁ ንጹህ ሆኖ ከተጠየቀ ያ ቁስል አይሽርም። እኔ ብሆን በር በሩን ዘግቼ፣ ወሬው ከቆመ በኋላ ነው የማወራው።

በነገራችን ላይ ተጠቃሚው የሚተይበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ። እሱን ጭነሽ ብትጠብቂ ማን እንደሆነ በማግስቱ ታውቂዋለሽ።

ፒያሳ_ጥገና

ኮምፒውተር ጠግኜ ነው የምኖረው። ሱቃችን ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ዞረናል። የሂሩት ዓይነት ጥያቄ በሌላ በሌላ መልኩ ሁልጊዜ ይመጣልኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከሩቅ የሚመጣ ሃከርና ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለየቅል ናቸው። ሃከሩ አያውቅሽም። የቤት ሰው ግን የልጅሽን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የስልክሽን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያውቃል። ስትተይቢ ከኋላሽ ሆኖ ሻይ ይጠጣል። ወጥ ስትሠሪ ስልክሽ ሶፋው ላይ ነው። አንቲቫይረስ የፈለገ ቢገዛ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ሰውየው የገባው በበሩ ነውና።

ስለዚህ ፓስዎርድ ስታወጪ ከቤተሰብ ታሪክ ምንም አትውሰጂ። የልጅ ስም እና ዓመት የሚሞከረው መጀመሪያ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላትን ደርድሪ። ለአንቺ ለማስታወስ አይከብድም፣ ለሰው ለመገመት ግን ይከብዳል። ሌላም ሰው የማያስተውለው ቀዳዳ አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኢሜይል የሌለው ሎካል አካውንት ስትከፍቺ ሦስት የማስታወሻ ጥያቄዎች ይጠይቅሻል፤ የተማርሽበት ትምህርት ቤት፣ የተወለድሽበት ከተማ፣ የመጀመሪያ የቤት እንስሳሽ ስም። ለአክስትሽ ልጅ እነዚህ ጥያቄዎች አይደሉም፣ መልሱን አብሮሽ ኖሮታል። ሦስቱን በትክክል የመለሰ ሰው ፓስዎርድሽን ቀይሮ ይገባል። መልሱ እውነት መሆን የለበትም። ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ጻፊ፤ ወረቀት ላይም አኑሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ለልጁ የራሱን አካውንት ክፈቺለት። ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ» የሚለው ጋ ነው። ይሄ የጋሽ ተካንም ስጋት የሚመልስ ይመስለኛል። ልጁ ሲመጣ ስሙ የተጻፈበት መግቢያ ያገኛል። የራሱ ዴስክቶፕ፣ የራሱ ክሮም፣ ሲቪው የሚቀመጥበት የራሱ ፎልደር ይኖረዋል። ፓስዎርዱን እሱ ራሱ ያውጣ፤ አንቺም አትወቂው። የሰጠሽው ነገር እንጂ የቀማሽው ነገር አይታየውም። ለአስጠኚዋና ለልጅሽም አንድ ሌላ ክፈቺ።

ለሌሎች የምትከፍቻቸው አካውንቶች ሁሉ ግን «ስታንዳርድ» መሆን አለባቸው። ፎርማት የሚያደርጉልን ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ «አድሚኒስትሬተር» አካውንት ከፍተው፣ ቀላል ፓስዎርድ ሰጥተው ነው የሚሄዱት። አድሚኒስትሬተር የሆነ ሰው የማንንም ፎልደር በአንድ ክሊክ ይከፍታል፣ የማንንም ፓስዎርድ ይቀይራል። ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ «ዩዘር አካውንትስ» ውስጥ «ማኔጅ አናዘር አካውንት» የሚለውን ክፈቺ። እዚያ የማታውቂው ስም ካለ፣ ውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለመኖሩን አይተሽ አጥፊው።

አሁን የምጽፈው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። እኛ አገር «ፎርማት ሲደረግ እንዳይጠፋ» ተብሎ ሁሉም ፋይል ዲ ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው። አካውንት መለየት የሚጠብቀው ሲ ድራይቭ ላይ በስምሽ ያለውን ፎልደር ነው፤ ዴስክቶፑን፣ ዶክዩመንትሱን፣ ዳውንሎዱን። ዲ ድራይቭ እንዳለ ከተተወ እያንዳንዱ አካውንት ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። አሥር አካውንት ብትከፍቺ የደንበኞችሽ ኤክሴል ለሁሉም ክፍት ነው። ወይ ወደ ራስሽ ዶክዩመንትስ አዛውሪው፣ ወይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ ገብተሽ ከአንቺና ከሲስተሙ ውጪ ያሉትን አስወጪ። የፒችትሪው የካምፓኒ ፎልደርም እንደዚሁ ነው። ፒችትሪ ውስጥ የተጠቃሚ ፓስዎርድ ማውጣት ይቻላል፤ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ ከመውሰድ ግን አይከለክልም።

ከወንበር ስትነሺ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልን አንድ ላይ ተጫኚ። እጅሽ ሲለምደው አታስቢውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ፓስዎርድ ሳይጠይቅ የሚከፈት ከሆነ፣ አውቶማቲክ መግቢያው ተፈቅዷል ማለት ነው። እሱ መጥፋት አለበት።

ማኪ_6ኪሎ

የዲ ድራይቩን አሁን ሞከርኩት። እውነት ነው፤ በወንድሜ አካውንት ገብቼ የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ ከፈትኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተለይቷል ብዬ ነበር የማስበው።

ችሎት_ቅርብ

የሕግ ሰው ነኝ። የካዛንቺስ ልጅ የጻፈው ሳይታረም እንዳያልፍ ብዬ ነው የገባሁት። እባክሽ ሂሩት፣ የሚተይበውን የሚመዘግብ ፕሮግራም እንዳትጭኚ። ኮምፒውተሩ የአንቺ ቢሆንም ልጁ የሚጽፈው መልእክት የእሱ ነው፤ የሚጽፍለትም ሰው አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 4 ያለ ፈቃድ የሰውን የመረጃ ልውውጥ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል። ተበዳይ ሆነሽ ጀምረሽ ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሕጉ ባይኖር እንኳ አንድ ጣሪያ ሥር ላለ ወጣት ይሄ አይደረግም። የፍቅር ወሬውን፣ የእናቱን ችግር፣ ሁሉን ነው የምታነቢበት።

አሁን ወደ አንቺ መብት። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 3 እንደሚለው፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ሆነ ብሎ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ዳታ የገባ ሰው ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። አንቀጹ ዘመድና ባዳ አይለይም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመልእክት ምስጢር ይጠብቃል።

ይህን የጻፍኩት ልጁን ክሰሽ እስር ቤት አስገቢ ለማለት አይደለም። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለውን እንድታስተውዪ ነው። ዛሬ አንድ አካውንት፣ አንድ ፓስዎርድ ለሁሉም ነው። ለልጁ «ተጠቀም» ብለሻል። የት ድረስ እንደሆነ አልተነገረውም። ፈቃዱ የት እንደሚያልቅ ማንም ማሳየት አይችልም። የራሱ አካውንት ሲኖረው ግን ድንበሩ ለእሱም ለአንቺም ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ የፒያሳ ጥገና ምክር ከቴክኒክም አልፎ ትልቅ ነገር ነው።

የካዛንቺስ_ልጅ

ችሎት ቅርብ፣ ተቀብያለሁ። ያንን ሐሳብ አንስቼዋለሁ። ሌሎችም አትሞክሩት።

ብሩክ_ኔት

«ማን እንደገባ ማወቅ ይቻላል?» ለሚለው እኔ ልመልስ። ዊንዶውስ ራሱ መዝገብ ይይዛል። ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪውወር» ብለሽ ፈልጊ። «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሴኩሪቲ» አለ። ቁጥር 4624 የተሳካ መግባት ነው፣ 4625 ያልተሳካ ሙከራ ነው። 4624 በብዛት ታያለሽ፤ አብዛኛው ሲስተሙ ራሱ የሚፈጥረው ነው፣ አያስደንግጥሽ። ዝርዝሩ ውስጥ «ሎጎን ታይፕ» የሚለውን እዪ። 2 ከሆነ ሰው ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ገብቷል፤ 7 ከሆነ የተቆለፈ ስክሪን ከፍቷል። ያልተሳኩት እንዲመዘገቡ ደግሞ «ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ» ውስጥ «ኦዲት ሎጎን ኢቨንትስ» ላይ «ፌይለር» የሚለው መመረጡን አረጋግጪ። ፕሮ ስለሆነ ይኖርሻል።

ይሄ መዝገብ የሚነግርሽ የትኛው አካውንት በስንት ሰዓት እንደገባ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አይነግርሽም። አሁን ሁሉም በአንድ አካውንት ስለሚገባ ያለፈውን ብታነቢ ምንም አታገኚም። አካውንቶቹን ከለየሽ በኋላ ነው ትርጉም የሚኖረው።

የቴሌግራሙ ነገር ሌላ ነው። ዴስክቶፑ ላይ አንዴ ከገባሽ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብተሽ «ሎካል ፓስኮድ» አብሪ፤ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ራሱ ይቆለፋል። ያ ፓስኮድ ከሌለ የቴሌግራሙን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ የወሰደ ሰው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንቺን ሆኖ ሊከፍተው ይችላል። ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺ። የማታውቂው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጪው። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሪ። ያ ካልበራ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን ያስገባል። ኮዱ ደግሞ ሶፋው ላይ ባለው ስልክሽ ስክሪን ላይ ነው ብቅ የሚለው። ስልኩ ተቆልፎም ይነበባል። በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክት ይዘት እንዳይታይ አድርጊ።

ዋትስአፕ ካለሽ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን እዪ፣ ተመሳሳይ ነው። ክሮም ላይ የተቀመጡ የኢ-ታክስ ፓስዎርዶችም አሉ። ክሮም ውስጥ ለየሰው ፕሮፋይል መክፈት ጥበቃ አይደለም፤ ማንም በአንድ ክሊክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራል። የሚለያየው የዊንዶውስ አካውንቱ ነው።

ዝምታ

ይቅርታ፣ የሌላ ሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። የእኔ ግን ከዘመድ ጋር አይደለም። ላፕቶፔን ያዘጋጀልኝ እጮኛዬ የነበረ ሰው ነው። ከተለያየን ቆይተናል። ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ነገር በማግስቱ እሱ ራሱ ይነግረኛል። የት እንደምሄድ ያውቃል። አንዳንዴ ያስፈራራኛል። ዛሬ ማታ ሁሉንም ፓስዎርድ ልቀይር?

እትዬ_አልማዝ

የኔ እህት፣ ዛሬ ማታ በዚያ ላፕቶፕ ላይ ምንም አትቀይሪ። ይህንንም ገጽ ከእሱ ላይ ከፍተሽው ከሆነ አሁኑኑ ዝጊና በጓደኛ ስልክ ግቢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የምትጽፊውን የሚያይ ከሆነ አዲሱንም ፓስዎርድ ስትጽፊ ያያል። በድንገት ሁሉም በር ሲዘጋበት ደግሞ የሚያስፈራራ ሰው ይባስ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ያንቺ ደህንነት ነው፣ ላፕቶፑ ይደርሳል። የምታምኛት አንዲት ሴት ይሁን ወንድም፣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ። የት እንደምታድሪ አንድ ሰው ይወቅ። የላከውን ማስፈራሪያ አትደምስሺ። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ።

ከዚያ በኋላ የሱ እጅ ካልነካው ስልክ ላይ ሆነሽ ከኢሜይልሽ ጀምሪ። ሌላው ሁሉ የሚመለሰው በኢሜይል ስለሆነ እሱ ቁልፍ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ገብተሽ ግን ፓስዎርድ አትጻፊ።

ብሩክ_ኔት

እትዬ አልማዝ ባሉት ላይ ልጨምር። ዝምታ፣ ጂሜይል ከሆነ ፓስዎርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሴቲንግስ ውስጥ «ፎርዋርዲንግ» የሚል አለ። እዚያ የሌላ ሰው አድራሻ ገብቶ ከሆነ ፓስዎርድ ብትቀይሪም የሚደርስሽ ሁሉ ለእሱም ይደርሰዋል። «ፊልተርስ» የሚለውንም እዪ። የመመለሻ ስልክና የመመለሻ ኢሜይል የሱ ሆኖ ከቀረም መልሶ ይገባል። ከዚያ የገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍተሽ ሁሉንም አስወጪ።

ፒያሳ_ጥገና

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያገለግሉ ኤኒዴስክና ቲምቪውወር የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ክፉ ነገር አይደሉም፣ እኛም ደንበኛ ለመርዳት እንጠቀምባቸዋለን። ቋሚ ፓስዎርድ ከተሰጣቸው ግን ማንም ሳይፈቅድ በፈለጉት ሰዓት ይገባሉ። ማስረጃ ሊያስፈልግሽ ስለሚችል ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሪ ምንም አታጥፊ፣ ፎርማትም አታድርጊ። ፎርማት የሚደረግበት ቀን ሲደርስ ደግሞ እሱ የማያውቀው ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ። የድሮ ፕሮግራሞችን መልሰሽ አትጫኚ።

ለሂሩትም ከዚሁ ጋር አንድ ነገር። ዴስክቶፕ ስለሆነ ጎንበስ ብለሽ ኪቦርዱ ከኋላ የተሰካበትን እዪ። በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መሃል ትንሽ ፍላሽ የምትመስል ነገር ካለች የምትተይቢውን የምትቀዳ ልትሆን ትችላለች። ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ግን ማየቱ ደቂቃ አይፈጅም።

ዝምታ

በእህቴ ስልክ ነው የምጽፈው። አሁን እሷ ጋ ነኝ። ነገ አብራኝ ትሄዳለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሂሩት_ሂሳብ

ዝምታ፣ በርቺ የኔ እህት። ከእህትሽ አትለዪ።

እኔም የተባለውን አድርጌያለሁ። አካውንቶቹን ከፈትኩ። «ዩዘር» የሚባል አድሚኒስትሬተር አካውንት አገኘሁ፤ ፎርማት ያደረገው ሰው ትቶት የሄደው ነው፣ አጠፋሁት። የደንበኞቼን ፋይል ሁሉ ከዲ ድራይቭ አነሳሁ። ኪቦርዱ ጋ ምንም የለም።

ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፤ «ይሄ የእኔ ምስጢር አይደለም፣ የሰዎች ገቢ ነው። ቃል ገብቼ ነው የያዝኩት። አንተም የራስህ ይኑርህ።» ደስ ብሎት የዴስክቶፑን ፎቶ ቀየረ። ጋሽ ተካ የፈሩት አልሆነም፣ ተመስገን።

የከበደኝ ባለቤቴ ነው። «ከእኔም ትቆልፊያለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

ሌላው፣ መዝገቡ ላይ 4625 አየሁ። በአዘቦት ቀን፣ እኔ ገቢዎች በሄድኩበት ሰዓት፣ በእኔ አካውንት ላይ ተደጋግሞ ተሞክሯል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት። ምን ላድርግ?

የካዛንቺስ_ልጅ

ታዲያ ማን ቀረ? ታውቋል እኮ።

ብሩክ_ኔት

ቀስ በል ወንድሜ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ከዚህ በፊት የገባው ሰው ስም ነው። ልጁ የራሱ መስሎት ፓስዎርዱን ደጋግሞ ጽፎ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ሐሳቡን አይነግርህም። ሂሩት፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ሰዓት በራሱ አካውንት 4624 ካለ እዪ። ካለ መልሱ ይሄው ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ_ተካ

አሁን ነው ወሬው የሚወራው። መዝገቡን ይዘሽ አትቅረቢው። ያ ፖሊስ ያደርግሻል። ሲመሽ፣ ቡና ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት «የደንበኞቼ ነገር ወጥቶ ተጨንቄ ነበር» በዪውና ዝም በዪ። ጥፋተኛ ከሆነ ያንን ዝምታ አይችለውም። ንጹህ ከሆነም የተነካ ነገር የለም። ዋናው፣ ከእንግዲህ መግባት አይችልም። ያለፈውን ይቅር ለማለት ደግሞ ዛሬ ከትናንት ይቀልሻል።

ስለ ባለቤትሽ፣ እኔ ባንክ ቤት ነበር የምሠራው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰፈራችንን ሰው ሂሳብ ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ጠይቃኝም አታውቅም። የሌላ ሰው አደራ መሆኑ ገብቷት ነበር። ባልሽን በእኔ ስም ይህን ንገሪው። ለእሱም አካውንት ክፈቺለት፤ የልጅሽን ፎቶዎች፣ የቤቱን ወጪ፣ የጋራችሁ የሆነውን ሁሉ እዚያ አድርጊለት። የተዘጋበት የደንበኛ ፎልደር ብቻ መሆኑን በዓይኑ ይይ።

ሂሩት_ሂሳብ

ብሩክ፣ አየሁት። ሙከራዎቹ ካለቁ በኋላ ወዲያው በራሱ አካውንት ገብቷል። እንዳልከው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጋሽ ተካ እንዳሉት ቅዳሜ ማታ አወራዋለሁ። ለባለቤቴም የእርስዎን ነገር አነበብኩለት፤ ፈገግ አለ። ጋሽ ተካ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ፎርማት የሚያደርግ ሰው ፓስዎርዱን ባያውቅም ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ይነበባል ይባላል። እውነት ነው?

ፒያሳ_ጥገና

እውነት ነው። እኛ ዊንዶውስ የተበላሸበት ሰው ፋይሉን የምናተርፍለት እንዲያ ነው። የመግቢያ ፓስዎርድ ዲስኩ ላይ ያለውን አይቆልፍም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚጠይቀውን ባዮስ ፓስዎርድም ብታደርጊ ብዙ ዴስክቶፖች ላይ የቦርዱ ባትሪ ሲነቀል ይጠፋል።

የሚቆልፈው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። የአንቺ ፕሮ ስለሆነ አብሮት አለ። ዲስኩን ራይት ክሊክ አድርገሽ «ተርን ኦን ቢትሎከር» በዪ፤ ሲንም ዲንም። ኮምፒውተሩ ቆየት ያለ ከሆነና ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ ከሌለው እምቢ ይላል። ያኔ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ያለ ቲፒኤም እንዲሠራ ይፈቀድና ሲበራ ገና ከዊንዶውስ በፊት ፓስዎርድ ይጠይቃል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጪ፤ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል።

ላፕቶፕ ላላችሁና ዊንዶውሳችሁ ሆም ለሆነ፣ አንዳንዱ ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚል ቀለል ያለ አለ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ ቢያንስ የደንበኛ ኤክሴሉን «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ» አድርጉ። በፍላሽ የምትወስዱትንም በሰቨን ዚፕ በፓስዎርድ ጠቅልሉት።

ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት መደገፍ አቁሟል። ኮምፒውተርሽ 11ን የሚችል ከሆነ አሳድጊው። ስታሳድጊ ደግሞ ፈቃድ በሌለው፣ «ክራክ» በተደረገ ዊንዶውስ አታድርጊ። እሱን ለማንቃት የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት አንቲቫይረሱን እንድታጠፊ ነው። ውስጣቸው ምን እንዳለ የጫነውም ልጅ አያውቅም።

ሂሩት_ሂሳብ

ቢትሎከሩን ስጀምር 48 አሃዝ የሆነ ቁጥር አስቀምጪ ይለኛል። የት ላድርገው?

ፒያሳ_ጥገና

ያ ሪከቨሪ ኪው ነው። ፓስዎርዱ ቢጠፋ፣ ቦርዱ ቢቀየር፣ ያለ እሱ እኔም ሌላም ሰው ፋይልሽን ማውጣት አንችልም። እዚያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጪው፤ ፎቶ አንስተሽም ለራስሽ ቴሌግራም አትላኪው። በወረቀት አትመሽ አንዱን ከቤት ውጪ፣ እናትሽ ጋ ወይም የምታምኚው ሰው ጋ፣ በታሸገ ፖስታ አኑሪ። ሁለተኛውን ከቤቱ ካርታና ውል ጋር አድርጊ። ቢትሎከሩን ከመጀመርሽ በፊት ግን ፒችትሪውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ባካፕ አድርጊና ሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መከፈቱን እዪ።